ያቺ መርማሪ የጠየቀችው ጥያቄ

ብዙዎቻችን «ዘ ብላይንድ ሳይድ»ን ያየነው በፍላሽ እየተቀባበልን ነው፤ አይተን ስንጨርስም ዓይናችንን ጠራርገን ነው ላፕቶፑን የዘጋነው። የ2009 ፊልም ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ታሪኩን ለረሳ፦ ቴነሲ ግዛት፣ ሜምፊስ ከተማ ውስጥ መጠጊያ ያጣ ግዙፍ ጥቁር ልጅ አለ፣ ማይክል ኦር የሚባል። ቱዊ የሚባሉ ሀብታም ነጮች ቤታቸው ያስገቡታል። ልጁ በአሜሪካ ፉትቦል ጎበዝ ይሆናል፤ የኛ እግር ኳስ አይደለም፣ ሞላላዋን ኳስ በእጅ ይዘው የሚላተሙበት ነው። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ፕሮፌሽናል። እናትየዋን ሊ አን ቱዊን ሆና የተጫወተችው ሳንድራ ቡሎክ ኦስካር ወስዳበታለች። ሰዎቹ በእውነት ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ፊልሙ የተነሳውም ማይክል ሉዊስ በ2006 ካሳተመው መጽሐፍ ነው።

ሰሞኑን ደግሜ ሳየው ግን ዓይኔ ሌላ ቦታ ላይ ቀረ። ወደ ፊልሙ መጨረሻ አካባቢ ነው። ማይክል ቱዊዎች የተማሩበትን የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲን፣ በቅጽል ስሙ ኦል ሚስን፣ መርጧል። ኤንሲኤኤ ከሚባለው፣ የአሜሪካን የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ከሚያስተዳድረው ማኅበር የመጣች አንዲት ጥቁር ሴት ታስቀምጠውና ትጠይቀዋለች፦ እነዚህ ሰዎች ያስጠጉህ፣ ያለበሱህ፣ መኪና የገዙልህ፣ አስጠኚ የቀጠሩልህ ለሚወዱት ዩኒቨርሲቲ እንድትጫወትላቸው ቢሆንስ? ልጁ ደንግጦ ጥሎ ይወጣል። ፊልሙ ሴትዮዋን የሚያያት የሞቀ ቤት ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ይዛ እንደገባች እንግዳ ነው። ቆይቶ ማይክል ይመለስና መልሱን ይሰጣል፤ ኦል ሚስን የመረጥኩት ቤተሰቤ የተማረው እዚያ ስለሆነ ነው ይላታል። እኛም እፎይ እንላለን።

እኔ ግን ዘንድሮ እፎይ አላልኩም። እንደውም ፊልሙ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ ሥራዋን በትክክል የሠራችው እሷ ትመስለኛለች። ልብ በሉ፣ ሊ አን ራሷ ልጁን «ለመሆኑ ፉትቦል መጫወት ትፈልጋለህ ወይ?» ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጠይቀው ከዚህ ምርመራ በኋላ ነው። ያቺ «ክፉ» ሴትዮ ባትመጣ ጥያቄው ማንም አፍ ላይ አይመጣም ነበር።

ጥያቄው ለምን ከባድ እንደሆነ ለመረዳት ስለ ሕጉ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፉትቦል በቴሌቪዥን ብቻ ቢሊዮኖች የሚንቀሳቀሱበት ነገር ነው፤ ተጫዋቾቹ ግን በዚያ ዘመን ከስኮላርሺፕ ውጪ ክፍያ አይፈቀድላቸውም ነበር። ገንዘቡ በፊት በር ካልገባ በጓሮ መግባቱ አይቀርም። በጓሮ የሚያስገቡት ደግሞ ቡስተር የሚባሉት ናቸው፤ ለዩኒቨርሲቲው ስፖርት ገንዘብ የሚያፈሱ ባለሀብት ደጋፊዎች። ቡስተር ለሚመለመል ልጅ ጫማም ቢሆን መግዛት ክልክል ነበር። ዳላስ የሚገኘው ሰዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ ደጋፊዎቹ ለተጫዋቾች በድብቅ እንደሚከፍሉ ሲደረስበት የ1987 የውድድር ዘመኑ ሙሉ በሙሉ ተሰርዞበታል፤ በ1988ም ሳይጫወት ቀርቷል። ቅጣቱ «የሞት ፍርድ» ነው የሚባለው። ቡድኑ ለብዙ ዓመታት አላገገመም።

አሁን ቱዊዎችን በዚህ ዓይን እዩዋቸው። ባልየው ሾን ለኦል ሚስ ቅርጫት ኳስ የተጫወተ ነው፤ ሚስትየው እዚያው ቺርሊደር ነበረች። በሕጉ ቋንቋ ለማይክል የገዙለት መኪናም ሆነ የሰጡት አልጋ የምልመላ ጥሰት ሊሆን ይችላል፤ ቤተሰብ ካልሆኑ በቀር። ቤተሰብ ከሆኑ ሁሉም ነገር ንጹሕ ነው። ማለትም ፊልሙ እንባችንን ያፈሰሰበት ቃል፣ «ቤተሰብ»፣ በኤንሲኤኤ ደንብ ውስጥ ከክልከላው የሚያስመልጥ ቃል ነው። ፍቅር አልነበረም እያልኩ አይደለም፤ ሊኖር ይችላል፣ ማን ያውቃል። ግን አንድ ቃል ሁለት ሥራ እየሠራ እያለ ፊልሙ አንዱን ብቻ ነው ያሳየን።

የምልመላውን ክፍል ደግሞ ቀልድ አድርጎታል። ኒክ ሴባንን፣ ሉ ሆልዝንና ሌሎች እውነተኛ አሠልጣኞችን በራሳቸው ስም አስመጥቶ ሳሎን ያስቀምጣቸዋል፤ የቱዊዎች ትንሹ ልጅ ኤስጄ ደግሞ ከየአሠልጣኙ ጋር ይደራደራል፦ ማይክል ቢመጣላችሁ ለኔ ምን አለኝ? ሜዳ ዳር ልቁም? ቡድኑን እየመራሁ ልግባ? ሲኒማው ይስቃል። ወንድሙን የሚያሻሽጥ ሕፃን እኮ ነው! አስጠኚዋ ሚስ ሱም ከዚህ አትተናነስም፤ የኦል ሚስ ወዳጅ ናትና ልጁ ወደ ተቀናቃኙ ቴነሲ እንዳይሄድ በዚያ ስታዲየም ሜዳ ሥር የሬሳ ክፍሎች ተቀብረዋል ብላ ታስፈራራዋለች። ይሄም ያስቃል። መርማሪዋ የምትፈልገው ማስረጃ ሁሉ ፊት ለፊታችን በኮሜዲ መልክ ተዘርግቷል፤ እኛ ግን ፊቷን አኮሳትራ ስትመጣ እሷን ነው የምንጠላት።

ስለ ትምህርቱ እንምጣ፤ ለኔ ከሁሉም የሚያስገርመው እሱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለመጫወት የሃይስኩል ጂፒኤ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን አሠራሩ ተንሸራታች ነበር፤ የመግቢያ ፈተና ውጤትህ ዝቅ ባለ ቁጥር የሚጠየቀው ጂፒኤ ከፍ ይል ነበር። (ከኛ አገር በሩጫ ስኮላርሺፕ አሜሪካ የሚሄድ ልጅም ትራንስክሪፕቱ የሚያልፈው በዚሁ ማኅበር በኩል ስለሆነ ነገሩ ያን ያህል ሩቅ አይደለም።) ፊልሙ ላይ ማይክል ከሚስ ሱ ጋር ሌት ተቀን ያጠናል፣ ሙዚቃ ይገባል፣ ውጤቱ ከፍ ይላል፣ አለቀ።

መጽሐፉ ላይ ግን ሌላ ነገር አለ። ጥናቱ ብቻውን አልበቃም ነበር። የቆዩት ኤፎች አንዴ ትራንስክሪፕቱ ላይ ተቀምጠዋል፤ የቱንም ያህል ቢያጠና አማካዩ አይነሳም። ስለዚህ ሾን ቱዊ መንገድ ፈለገ፣ አገኘም፦ የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ የርቀት ትምህርት። በ10 ቀን የሚያልቅ ኮርስ። «የሥነ ምግባር ትምህርት» በሚባለው ውስጥ የታዋቂ ሰዎችን አጫጭር ጽሑፎች ታነባለህ፣ አምስት ጥያቄ ትመልሳለህ፣ ኤ ታገኛለህ፤ ያ ኤ ሙሉ ሴሚስተር የፈጀውን ኤፍ ይተካል። እኔም በ4 ነጥብ ስሌት የተመረቅኩ ነኝ፤ አንዲት ሲ ፕላስን ለማካካስ ምን ያህል ሌሊት እንደሚያልፍ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ይመስክር። 10 ቀን!

ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ይህን ነገር ሲያይ ወዲያው ነው የሚያውቀው። ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚያረጋግጥ ቴስት ይጻፋል። የማስረከቢያ ቀን ሲደርስ ደግሞ ቴስቱን ለማሳለፍ ብቻ የተጻፈ ኮድ ብቅ ይላል። ስክሪኑ አረንጓዴ ነው፤ ሲስተሙ ግን ያው የትናንቱ ነው። ኤንሲኤኤ በ2010 ከብሪገም ያንግ የርቀት ትምህርት የሚመጣ ውጤት አልቀበልም አለ። ቴስቱን አጠበቀው ማለት ነው። ጠብቆ የት እንደሚደርስ ግን ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ አሳይቶናል። በ2014 የወጣ የምርመራ ሪፖርት እንዳለው፣ ቻፕል ሂል ባለው ካምፓስ ለ18 ዓመታት ክፍል የሌላቸው ኮርሶች ይሰጡ ነበር፤ አስተማሪ የማይገባባቸው፣ አንድ ወረቀት ብቻ የሚጠየቅባቸው፣ ወረቀቱንም የዲፓርትመንቱ የቢሮ ሠራተኛ በለጋስ እጅ የምታርምባቸው። ከ3,100 በላይ ተማሪዎች አልፈውባቸዋል፤ ግማሽ ያህሎቹ ስፖርተኞች ናቸው። በ2017 ኤንሲኤኤ ምን ወሰነ? የአካዳሚክ ደንብ ተጥሷል ለማለት አልችልም አለ፤ ኮርሶቹ ለስፖርተኛ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ተማሪ ክፍት ነበሩና። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ማጭበርበሩ ለሁሉም እኩል ስለተሰጠ ማጭበርበር አልሆነም።

ግን ስለ ማይክል ሳስብ ነገሩ አያስቅም። በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ የትምህርት ዓመታቱ 11 ትምህርት ቤት የቀያየረ ልጅ ነው። እነዚያ ኤፎች የሱ ስንፍና አይደሉም፤ እናቱ በሱስ ስትሰቃይ፣ ከአንዱ ማሳደጊያ ወደ ሌላው ሲወረወር የሜምፊስ ትምህርት ቤቶች ዝም ብለው ወደሚቀጥለው ክፍል ሲያሻግሩት የተጠራቀመ ዕዳ ነው። ደንቡ ደግሞ ዕዳውን የሚያስከፍለው እሱን ነው። ስለዚህ ያንን የ10 ቀን ኮርስ ስላገኙለት ቱዊዎችን ለመውቀስ አልቸኩልም። የምወቅሰው ፊልሙን ነው፤ ለምን ቆርጦ አወጣው? ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ያ ትዕይንት ቢኖር ደንቡ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ይታይ ነበር፤ ትልልቆቹ ሰዎችም ያንን ባዶነት ለማለፍ ምን ያህል እንደሚተጉና ለምን እንደሚተጉ እንጠይቅ ነበር። በምትኩ የሰጠን ምንም የማያውቅ ልጅ ነው፤ ኤስጄ የኬቻፕ ጠርሙስ ደርድሮ ጨዋታ የሚያስተምረው፣ በፈተና «የመጠበቅ ደመ ነፍስ» ብቻ 98 ከመቶ ያመጣ። እንዲህ ያለ ፈተና የት አገር እንዳለ የሚያውቅ ይንገረኝ። ኦር ራሱ በ2011 ባሳተመው መጽሐፍ በዚህ ማዘኑን ጽፏል፤ ጨዋታውን ቱዊዎችን ከማግኘቱ በፊትም ያውቀው ነበር።

ሉዊስን ከፊልሙ ለይቼ ማየት እፈልጋለሁ። መጽሐፉ ቢያንስ ወረቀቶቹን አሳይቷል፤ ኮርሱንም፣ የመርማሪዋን ጉብኝትም፣ የማይክል የሃይስኩል አሠልጣኝ ሂው ፍሪዝ ወዲያው ኦል ሚስ ሥራ ማግኘቱንም። ግን ሉዊስ የሾን ቱዊ የልጅነት ትምህርት ቤት ጓደኛ ነው፤ መጽሐፉም የጓደኛ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ እንደሚጻፍ መጽሐፍ ይሞቃል። ፍሪዝ በኋላ የኦል ሚስ ዋና አሠልጣኝ ሆነ፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ በ2017 በምልመላ ጥሰት ተቀጣ።

ከዚያ 2023 መጣ። በኦገስት ወር ኦር ፍርድ ቤት ሄደ፦ ቱዊዎች ፈጽሞ በጉዲፈቻ አላሳደጉኝም፣ በ2004 ልክ 18 ዓመት እንደሞላኝ ያስፈረሙኝ የሞግዚትነት ወረቀት ነው አለ። ይህ ወረቀት አንድ አዋቂ ሰው ጉዳዩን ራሱ ማስተዳደር አይችልም ተብሎ ሲታመን ሌላ ሰው በሱ ፈንታ ውል እንዲፈርም ሥልጣን የሚሰጥ ነው፤ ብሪትኒ ስፒርስን ለዓመታት አስሮ የያዘው ዓይነት። ኦር ምንም የአእምሮም ሆነ የአካል ጉዳት የለበትም። ቱዊዎች አልበዘበዝነውም፣ የፊልሙ ገንዘብ እኩል ነው የተከፋፈለው አሉ። የገንዘቡን ክርክር ለጠበቆች እተዋለሁ። እኔን ያስደነገጠኝ ሾን ቱዊ ለአንድ የሜምፊስ ጋዜጣ የሰጠው ማብራሪያ ነው፦ ሞግዚትነቱ የተፈለገው ኤንሲኤኤን ለማሳመን ነው፤ ማይክል ኦል ሚስ እንዲጫወት የቤተሰቡ አባል መሆኑ በወረቀት መረጋገጥ ነበረበት።

እንግዲህ የመርማሪዋ ጥያቄ መልስ ያገኘው ያኔ ነው። ቴስቱ «ቤተሰብ ናችሁ?» ይላል፤ ቴስቱን የሚያሳልፍ ወረቀት ተገኘ። ወረቀቱ ልጅ አላደረገውም፤ ያደረገው ነገር በራሱ ስም የመፈረም መብቱን መውሰድ ነው። ፊልሙን ስናይ ቤተሰቡ ያሸነፈው መርማሪዋን መስሎን ነበር።

ዛሬ 20 ዓመት ያልሞላው ሰው ፊልሙን ቢያይ ይህ ሁሉ ጭንቀት ምን እንደሆነ ላይገባው ይችላል። ከ2021 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች በስሙና በምስሉ ገንዘብ ማግኘት ይችላል፤ ከ2025 ወዲህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በቀጥታ መክፈል ጀምረዋል፣ በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ዩኒቨርሲቲ እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር። የመግቢያ ፈተናውም በ2023 ከብቃት መስፈርቱ ወጥቷል። የማይክል መኪና ዛሬ ቢሆን ዜና አይሆንም፤ ውል ነው የሚሆነው፣ እሱ ራሱ የሚፈርመው።

ፊልሙ ሲያልቅ ስሞቹ ሲወርዱ እውነተኛ ፎቶዎች ይታያሉ። አንዱ በ2009 የፕሮፌሽናል ሊጉ ምልመላ ዕለት የተነሳ ነው፤ ባልቲሞር ሬቨንስ በ23ኛ ደረጃ መርጦታል፣ ቱዊዎች አጠገቡ ናቸው፣ ሁሉም ይስቃል። ፎቶው ሲነሳ ወረቀቱ ከአራት ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚያ በኋላ ስምንት የውድድር ዘመን ተጫወተ፣ ሱፐር ቦውል አሸነፈ፣ ጡረታ ወጣ። ዳኛዋ ወረቀቱን የሰረዘችው በሴፕቴምበር 2023 ነው፤ በ43 ዓመት የሥራ ዘመኗ ጤነኛ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይታ እንደማታውቅ ተናግራለች። ኦር ያን ጊዜ 37 ዓመቱ ነበር።