ያልተሳለው ጉም፦ የሃሴጋዋ ቶሃኩ «የጥድ ዛፎች»

በ16ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የጃፓን መሳፍንት አዳራሾቻቸውን በወርቅ በተለበጡ ተጣጣፊ መከለያዎች ያስውቡ ነበር። ሃሴጋዋ ቶሃኩም (እ.ኤ.አ. 1539–1610) የወርቁን ሥራ አሳምሮ ይችልበታል። «የጥድ ዛፎች» በተባለው ሥራው ግን ወርቁንም ቀለማቱንም ትቶ፣ የእኛም ቁም ጸሐፊዎች በሚያውቁት ከጥላሸት በሚበጠበጥ ጥቁር ቀለም ብቻ ወረቀት ላይ ሣለ።

ሥራው ጥንድ ነው፤ እያንዳንዱ መከለያ ስድስት ክፍል፣ ቁመቱ 157 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ። ከወረቀቱ አብዛኛው ባዶ ነው። ሲጠጉት የጥዱ ቅጠል በችኮላ የተጫረ፣ ሻካራ የብሩሽ ጭረት ብቻ ነው፤ ራቅ ሲሉ ጭረቱ ዛፍ፣ ባዶው ወረቀት ጉም ይሆናል። በክረምት ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም፦ ከመንገዱ ዳር ያለው ጥድ ጠቁሮ ይታያል፣ ቀጥሎ ያለው ይደበዝዛል፣ ከዚያ ወዲያ ገደሉም የይፋት ቆላም የሉም። ቶሃኩ ጉሙን አልሣለውም፤ ዛፎቹን ብቻ መጥኖ አደበዘዛቸው። ትልቁ ችሎታው ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

መታጠፉም የሥዕሉ አካል ነው። የእኛ ሰንሱልም (ተጣጣፊው የብራና የሥዕል መጽሐፍ) ይታጠፋል፤ ነገር ግን በአብዛኛው በየእጥፋቱ አንድ ቅዱስ ለብቻው ይቆማል። እዚህ መልክዓ ምድሩ እጥፋቱን ተሻግሮ ይቀጥላል፤ መከለያው ሲቆም አንዱ ዛፍ ወደ ተመልካቹ ይወጣል፣ ሌላው ይሸሻል። መጽሐፍ ላይ ተዘርግቶ የታተመው ፎቶግራፍ ይህን ሁሉ ይገድለዋል።

የወረቀቶቹ መጋጠሚያ ስለማይገጥም ሥራው ንድፍ ነበር የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ቢሆንም ጥድፊያው ጉልበት እንጂ ጉድለት አልሆነበትም። የምነቅፈው ከሩቅ ብቅ ያለውን በረዷማ ተራራ ነው፤ ዓይን በጉሙ ውስጥ በነፃነት እንዳይጠፋ መድረሻ ያበጅለታል። ያለ እሱ ሥዕሉ ይበልጥ ደፋር ይሆን ነበር።

ሥራው እ.ኤ.አ. በ1952 የጃፓን ብሔራዊ ሀብት ተብሎ ተመዝግቦ በቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። የመልክዓ ምድር ሥዕል የምትማሩ ወጣቶች ሸራችሁን ጥግ እስከ ጥግ በቀለም ከመሙላታችሁ በፊት ይህን ሥራ አጥኑት።