«ሞኒተርህን ካሊብሬት አድርግ» የሚለው ምክር ምን ይጎድለዋል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንዲት ዘመዴን የሠርግ ፎቶዎች እኔው አስተካክዬ ለማተሚያ ቤት ሰጠሁ። ላፕቶፔ ላይ ሁሉም ነገር ያምር ነበር። የነጠላው ጥለት ጥርት ብሏል፤ ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡት ሽማግሌዎች ፊት ላይ ያለው መስመር ሳይቀር ይታያል። ታትሞ ሲመጣ ግን ነጠላው ብቻ ቀረ። የሽማግሌዎቹ ፊት ከጀርባቸው ካለው ጥላ ጋር ተቀላቅሏል። እኔም እንደማንኛውም ሰው ማተሚያ ቤቱን ወቀስኩ፤ «ቀለም ቆጥበው ነው» አልኩ። ጥፋቱ የራሴ መሆኑን ያወቅኩት ቆይቶ ነው።

ይህ የደረሰባችሁ ከሆነ ከሚያውቅ ሰው የሚሰጣችሁ ምክር ያው አንድ ነው፦ ሞኒተርህን ካሊብሬት አድርግ። ምክሩ ስህተት አይደለም። ግን አንድ ቃል ላይ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ይጭናል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳውን ነገር ደግሞ ጭራሽ አያነሳውም።

እስቲ ከመሠረቱ እንነሳ። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ፎቶ ቁጥር ነው፤ ለእያንዳንዱ ፒክስል የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ0 እስከ 255። «ቀይ 200፣ አረንጓዴ 30፣ ሰማያዊ 30» ስንል ታዲያ የትኛው ቀይ ነው? የእናንተ ስክሪን ቀይና የእኔ ስክሪን ቀይ አንድ አይደሉም። «ሦስት ጣሳ ጤፍ» እንደማለት ነው። የማን ጣሳ?

ለዚህ እ.ኤ.አ. በ1993 አዶቤ፣ አፕል፣ ኮዳክና ማይክሮሶፍትን ጨምሮ ስምንት ኩባንያዎች አይሲሲ የሚባለውን ጥምረት መሠረቱ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ መሣሪያ «የእኔ ጣሳ ይህን ያህል ይይዛል» የሚል ፋይል ይኑረው። ያ ፋይል ፕሮፋይል ይባላል። አሥር ካሜራና ስካነር፣ አሥር ስክሪንና ፕሪንተር ቢኖራችሁ እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር ለማስማማት 100 ሠንጠረዥ ያስፈልግ ነበር። ሁሉም በመሀል ባለ አንድ የጋራ ቋንቋ በኩል ካለፉ ግን 20 ይበቃል። ይህ እውነት ጥሩ ምህንድስና ነው፤ ትችቴን ከማንሳቴ በፊት ይህ ይመዝገብልኝ።

አሁን ሁለቱን ሥራዎች እንለያቸው። ገበያ ውስጥ ያለ ሚዛን አስቡ፤ ባዶውን ሲሆን 50 ግራም ያሳያል። አንዱ መፍትሔ ብሎኑን አዙሮ ዜሮ ላይ ማምጣት ነው። ይህ ካሊብሬሽን ነው፤ ሚዛኑ ራሱ ይለወጣል። ሌላው መፍትሔ ሚዛኑን ሳይነኩ «50 ግራም ይጨምራል» የሚል ወረቀት መለጠፍ ነው። ፕሮፋይል ማለት ወረቀቱ ነው፤ ሚዛኑ እንዳለ አለ፣ የሚመዝነው ሰው ግን አንብቦ ይቀንሳል።

ያላነበበ ሰውስ? እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ወረቀቱን የማያነቡ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። አብዛኛው የዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ዴስክቶፑና ከታች ያለው የአዶዎች መስመር አያነቡም። ፋየርፎክስ ተጭኖ እንደመጣ ከተተወ የራሳቸውን ፕሮፋይል የያዙ ምስሎችን ብቻ ነው የሚተረጉመው። የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞች ግን ያነባሉ። ስለዚህ አንድ ፎቶ፣ አንድ ስክሪን ላይ፣ በሁለት መስኮት ጎን ለጎን ተከፍቶ ሁለት ዓይነት ሊመስል ይችላል፤ ይህን ያየ ሰው «ካሊብሬሽኑ አልሠራም» ብሎ መሣሪያውን እንደገና ሲያስኬድ ያመሻል። ካሊብሬሽኑ ምንም አላጠፋም።

በጣም የታወቀ ምሳሌ ልስጣችሁ። የድሮው የዊንዶውስ ፎቶ ማሳያ ላይ የፎቶዎች ነጭ ሁሉ ቢጫ ይሆናል፤ ፎቶው በሌላ ፕሮግራም ሲከፈት ግን ደህና ነው። ብዙ ሰው ፎቶው ወይም ስክሪኑ ተበላሸ ይላል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የሞኒተሩ አምራች ያዘጋጀውና ከዝማኔ ጋር ሳይታወቅ የገባ የተበላሸ ፕሮፋይል ነው። ፎቶ ማሳያው ወረቀቱን አንብቦ፣ አምኖ፣ የሌለ ስህተት ያርማል። የማያነበው ፕሮግራም ትክክል መስሎ ይታያል፤ ታዛዡ ጥፋተኛ ይሆናል። ዊንዶውስ የቀለም አስተዳደር መስኮት ውስጥ ገብቶ ያንን ፕሮፋይል ማንሳት ይበቃል።

እኔን የሚያናድደኝ ይኸ ነው። ሲስተሙ ሲሳሳት ዝም ይላል። ፋይሉ ውስጥ ያለው መረጃ ፊት ለፊታችሁ ካለው ስክሪን ጋር ይመሳሰል አይመሳሰል የሚያረጋግጥ ነገር የለም። ቅርጹ ትክክል እስከሆነ ድረስ የሌላ ሞኒተር ፕሮፋይል ብትጭኑበትም ያለምንም ማስጠንቀቂያ ይቀበላል። የፋብሪካ መቆጣጠሪያ እንዲህ ቢሠራ ማን ይረከበዋል?

እንግዲህ ምርመራውን ራሳችሁ ትሠራላችሁ ማለት ነው። መጀመሪያ የምትጠይቁት «ሁሉም ቦታ ነው ወይስ አንድ ቦታ?» ብላችሁ ነው። ስክሪኑ በሙሉ፣ የአዶዎቹ መስመርም ጭምር ቢጫ ከሆነ ፕሮፋይል አትጠርጥሩ፤ የሌሊት ብርሃን የሚባለውን ማስተካከያ፣ የሞኒተሩን የራሱን ቁልፎች ወይም ግራፊክስ ካርዱ ላይ የተጫነውን ካሊብሬሽን እዩ። አንድ ፕሮግራም ውስጥ ብቻ ከሆነ ፕሮፋይሉ ነው። ጥርጣሬ ካለ ደግሞ የስክሪኑን ቅጂ አንሱና ወደ ጓደኛችሁ ስልክ ላኩት። ቅጂው የሚወሰደው ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን ከተረጎመ በኋላ፣ ግራፊክስ ካርዱ የመጨረሻውን ማስተካከያ ከማድረጉ በፊት ነው። ጓደኛችሁም ቢጫ ካየ ጥፋቱ ትርጉሙ ላይ ነው፤ ካላየ ከዚያ በኋላ ባለው መንገድ ላይ ነው። ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ ሁሉ ነገር የደበዘዘ ከሆነ ደግሞ ኤችዲኤምአይ ገመዱ ላይ የቪዲዮ ጠባብ ክልል፣ ማለትም ከ16 እስከ 235 ያለው፣ ተመርጦ እንዳይሆን አረጋግጡ።

ቁልፍ ካነሳን አይቀር፣ ሞኒተራችሁ ቀለሙን የሚቀይር የራሱ ቁልፍ ካለው በሶፍትዌር ከማረም በፊት እሱን ተጠቀሙ። በባለ 8 ቢት መንገድ ሰማያዊውን በሶፍትዌር ወደ 80 በመቶ ብታወርዱት ከ256 ደረጃዎች 205 ገደማ ብቻ ይቀራሉ፤ ሰማይ ላይ መስመር መስመር ሆኖ የሚታየው አንዳንዴ ከዚህ ይመጣል።

አሁን ምክሩ ወደሚዘለው ነገር ልምጣ፤ የእኔን ፎቶዎች ያበላሸው ቀለም አልነበረም፣ ብርሃን ነው።

ዛሬ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ኤስአርጂቢ የሚባለው መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1996 በሂውሌት ፓካርድና በማይክሮሶፍት የቀረበ፣ በ1999 ደረጃ ሆኖ የጸደቀ ነው። ሲዘጋጅ የታሰበው ስክሪን 80 ካንዴላ በካሬ ሜትር የሚያበራ ነው፤ የታሰበው ክፍል ደግሞ 64 ሉክስ ብርሃን ያለው፣ ደብዘዝ ያለ ክፍል። የዛሬ ስክሪኖች እስከ መጨረሻ ሲከፈቱ 300 አካባቢ ማብራታቸው የተለመደ ነው፤ እኔም እስከ መጨረሻ ከፍቼው ነበር። የታተመ ወረቀት ግን የራሱ መብራት የለውም። ስሌቱን እንሥራው፦ የክፍሉን ሉክስ በወረቀቱ አንጸባራቂነት (0.9 እንበል) አባዙና ለ3.14 አካፍሉ። 300 ሉክስ ያለው ሳሎን ውስጥ ነጭ ወረቀት 86 ካንዴላ በካሬ ሜትር ገደማ ይሰጣል። የእኔ ስክሪን ከዚያ ከሦስት እጥፍ በላይ ያበራ ነበር። ስለዚህ ጥላ ውስጥ ያለውን ፊት «በቂ ነው» ብዬ ያለፍኩት ወረቀት ሊሰጠው በማይችለው ብርሃን እያየሁ ነው።

ይህ ስህተት ሁሉንም እኩል አይጎዳም። ነጩ ነጠላ ትንሽ ቢጨልም ያው ነጭ ነው። ከታች፣ ከጥቁሩ ጫፍ አጠገብ ያለው ግን ይጠፋል፤ በእኛ ፎቶዎች ውስጥ እዚያ ያለው ብዙ ጊዜ የሰው ፊት ነው። የኮዳክ ላቦራቶሪዎች ለአሥርት ዓመታት ቀለም ያስተካክሉበት የነበረው «ሸርሊ» የሚባለው ካርድ የነጭ ሴት ፎቶ እንደነበር አንብባችሁ ይሆናል። የእኛን ፊት ለማየት የሚያስችል ማመሳከሪያ ራሳችን ካላስቀመጥን ማንም አያስቀምጥልንም።

«ታዲያ በዓይኔ ለምን አላስተካክልም?» ትሉ ይሆናል። ዓይን ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ሲያወዳድር ጎበዝ ነው፤ ብቻውን ሲለካ ግን ይታለላል። ቢጫ ያለበት ስክሪን ፊት ጥቂት ደቂቃ ብትቀመጡ አእምሯችሁ ያንን ቢጫ ነጭ ብሎ ይቀበለዋል። ኮሎሪሜትር የሚባለው ትንሽ መሣሪያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አብረውት የሚሠሩት አርጊልሲኤምኤስና ዲስፕሌይካል የሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ጥሩ ሥራ ናቸው፤ ምርጫቸው ግን ጀማሪን ያስፈራል። በመጨረሻ የሚሰጡት የስህተት ሪፖርትም በጥንቃቄ ይነበብ። ፕሮፋይሉን የሠራው መሣሪያ ራሱ ተመልሶ ሲፈትሸው፣ ተማሪው የራሱን ፈተና እያረመ ነው። ማጣሪያዎቹ አርጅተው ቢሆን ሁለቱም ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ይሳሳትና ውጤቱ «በጣም ጥሩ» ይወጣል።

ለተማሪ ደግሞ ኮሎሪሜትር የመጀመሪያ ግዢ መሆን የለበትም ባይ ነኝ። መጀመሪያ ስክሪኑን ግማሽ ሰዓት አብርታችሁ አቆዩት። የሌሊት ብርሃኑንና በራሱ የሚለዋወጠውን ብርሃን አጥፉ። ሞኒተሩ ኤስአርጂቢ የሚል ምርጫ ካለው እሱን ምረጡ። ከዚያ ፎቶ በምታስተካክሉበት ክፍል ብርሃን ውስጥ ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ አጠገብ ይዛችሁ፣ ባዶ ነጭ ገጽ ከፍታችሁ፣ ሁለቱ እኩል እስኪመስሉ ድረስ ብርሃኑን ቀንሱ። ስታስቀምጡ ፎቶውን ወደ ኤስአርጂቢ ለውጡና ፕሮፋይሉን አብራችሁ አያይዙ።

እኔ እንዲህ ሳደርግ የላፕቶፑ ብርሃን ከ100 ወደ 30 በመቶ አካባቢ ወረደ። የሠርጉን ፎቶዎች ስከፍት ማተሚያ ቤቱ ያተመው ምስል ስክሪኔ ላይ ነበር፤ ጨለማው፣ ነጠላው፣ የጠፉት ፊቶች፣ ሁሉም እዚያው። ጥላውን ብቻ ከፍ አድርጌ ለዚያው ማተሚያ ቤት መልሼ ላክኩ። ወጪውን ከኪሴ ከፈልኩ፤ ወቀሳዬን ሰምተው ዝም ያሉትን ሰውዬም ይቅርታ ጠየቅኩ።