የሰውነት ክብደትና የተቃና ጕልበት፤ ስለ አንድ ጥናት የቀረበ ሒስ
ጕልበታቸው በኦስቲዮአርትራይተስ የተጐዳ ሰዎች ሰውነታቸው ከበድ ያለ እንደ ሆነ፣ «ኦፕራሲዮኑ ለእርስዎ አይሆንም፤ አስቀድመው ክብደት ይቀንሱ» የሚል መልስ የሚያገኙበት ጊዜ አለ። ይህ መልስ ምን ያህል ማስረጃ እንዳለው በዚህ አጭር ሐተታ ልንመረምር አስበናል።

የምንናገርለት ኦፕራሲዮን እግርን የማቅናት ሥራ ነው። የጕልበት ልም አጥንት በውስጠኛው ወገን ብቻ ተበልቶ ጕልበቱ ወደ ውጭ ሲጐብጥ፣ ሐኪሙ የቅልጥሙን አጥንት ከጕልበቱ በታች ቈርጦ ያቀናዋል፤ በዚህም የሰውነት ሸክም ወደ ጤነኛው ወገን ይዛወራል።

ማርክ ኮቨንትሪና ባልደረቦቻቸው እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1993 ዓ. ም. በአሜሪካ ያሳተሙት ጥናት እንዲህ ያሉ 87 ኦፕራሲዮኖችን የተከታተለ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ጕልበቱ 8 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ወደ ውስጥ ያዘነበለ እንደ ሆነ፣ ወይም የሕመምተኛው ክብደት ከተገቢው 1.32 እጥፍ ያልበለጠ እንደ ሆነ፣ ከመቶው 90 ያህሉ እስከ 5 ዓመት፣ 65 ያህሉ እስከ 10 ዓመት ጸንተዋል። ሁለቱ ጕድለቶች በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ግን ቍጥሩ ወደ 38ና ወደ 19 ወረደ።

እንግዲህ ይህ ቍጥር ክብደትን ብቻውን አይከስም። ክብደቱ የበዛ ሰው እንኳ እግሩ በሚገባ ከተቃና ውጤቱ መልካም ነበር። ክብደቱ የሕመምተኛው ቢሆንም ዲግሪው የሐኪሙ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በሕመምተኛው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይመስለናል።

ሁለተኛም፣ 87 ጕልበት በክብደትና በዲግሪ ሲከፋፈል በየክፍሉ የሚቀረው ጥቂት ነው። የ5ና የ10 ዓመት ቍጥርም አጥንቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት እንዴት እንደሚገጥም አይነግረንም። ከዚያም ወዲህ አጥንቱን የሚይዘው ብረት እጅግ ስለ ተሻሻለ፣ አኀዙን ለዛሬው ሕመምተኛ እንዳለ መገልበጥ አይገባም።

ክብደት መቀነስ ከንቱ ነው ማለታችን ግን አይደለም። በ2005 ዓ. ም. (እ. ኤ. አ.) የታተመው የሜሲየርና የባልደረቦቻቸው ጥናት፣ ከሰውነት አንድ ኪሎ ሲቀነስ በየርምጃው ከጕልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ሸክም እንደሚቃለል አሳይቷል። ነገር ግን መራመድ ያቃተውን ሰው ከስቶ እንዲመጣ አዝዞ ማሰናበት፣ ልም አጥንቱ እያለቀ ሳለ ጊዜውን ማባከን ሊሆን ይችላል። የክብደት ምክር ከኦፕራሲዮኑ ጋር አብሮ ይሂድ እንጂ በሕመምተኛው ፊት የተዘጋ በር አይሁን።