ከእሳቱ በፊት ያለው አንቀጽ

ከመካነ ሰላም ወጥቶ በቦረና፣ በሳይንት ወይም በከላላ ገጠር የሚጓዝ ሰው መንደሮቹን የሚያገኛቸው ከአምባ ላይ ነው። ግራና ቀኙ ገደል፣ በምዕራብ በኩል የአባይ ሸለቆ፣ ከላይ ሜዳ። በሜዳው ላይ ጥቂት ቤቶች፣ ባህር ዛፍ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም። አገሩ የጥንቱ ቤተ አምሐራ ነው። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነገሥታቱ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ያሠሩበትና የሚቀበሩበት ምድር ነበር። ዛሬ ከዚያ ሁሉ ለዓይን የሚሞላ ብዙ አልተረፈም። ሮም አጠገብ፣ ቲቮሊ ኮረብታ ሥር፣ የንጉሠ ነገሥት ሃድሪያንን ፍርስራሽ የሚያይ ጎብኚ ግድግዳው ራሱ ይመራዋል። እዚህ መሪው መጽሐፍ ነው።

መጽሐፉ ደግሞ የአቃጣዮቹ ነው።

«ፉቱሕ አል ሐበሻ»ን የጻፈው አረብ ፈቂህ በሚል ስም የሚታወቀው ሺሃብ አድ-ዲን ነው። የኢማም አህመድን ዘመቻ የሚያወድስ የድል መጽሐፍ ነው። በአረብኛ ተጽፎ፣ ፖል ስቴንሃውስ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል። እኔም ያነበብኩት እሱን ነው። ስለዚህ መጽሐፍ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው እሳቱ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ከእሳቱ በፊት ያለው አንቀጽ ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1531፣ ቦታው መካነ ሥላሴ ነው። ኢማሙ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይገባል። ወርቁ ዓይን ይወጋል። አብረውት ያሉትን አረቦች ይጠይቃቸዋል፦ እንዲህ ያለ ነገር በሩም ወይስ በህንድ አይታችኋል? አላየንም፣ አልሰማንምም ይሉታል። ከዚያ በኋላ ነው መጥረቢያው የሚመጣው፤ ወርቁ ይላጣል፣ ቤቱም ይነዳል።

አንድ ተጠራጣሪ አንባቢ «ይሄማ ጉራ ነው፤ ምርኮው ካማረ ማራኪው ይገዝፋል» ሊል ይችላል። እውነት አለው። ጸሐፊው የሕንጻውን ወርድ 100 ክንድ፣ ከፍታውን 150 ክንድ ያደርገዋል። አንድ ክንድ ግማሽ ሜትር ግድም ነው ብንል ከፍታው 75 ሜትር ሊሆን ነው፤ ከ20 ፎቅ በላይ ማለት ነው። የላሊበላው ቤተ መድኃኔዓለም እንኳ ርዝመቱ 33 ሜትር ገደማ ነው። የምህንድስና ተማሪ የነበረ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ቁጥሩ የመገረም ቁጥር እንጂ የሜትር ቁጥር አይደለም።

ግን ጉራ ብቻ ቢሆን ሌላው ዝርዝር ለምን አስፈለገ? ጸሐፊው ንጉሥ ናዖድ ቤቱን ለ13 ዓመት ሲያሠራ ቆይቶ ሳይፈጽመው እንደሞተ፣ ልጁ ልብነ ድንግል እንደጨረሰው ይነግረናል። የጠላት አባት የደከመበትን ዓመት መቁጠር ለድል ዜና የሚጨምረው ነገር የለም። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1521 መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑ ሲባረክ በቦታው ነበር፤ እሱም ሥራውን ለአባትና ለልጅ ይሰጣል። አንዱ እንግዳ፣ አንዱ የአጥቂው ወገን። ሁለቱ ሰዎች በዚህ ይገጥማሉ። ለዚህ ነው አረብ ፈቂህን በቁጥሩ ባላምነውም በዓይኑ የማምነው።

መጽሐፉን የምወቅስበት ሌላ ቦታ አለ። አምባው ላይ ሰው የለም። ንጉሥ፣ ኢማም፣ ወታደር፣ መነኩሴ አለ፤ ድንጋዩን ዳገት ያወጣው ገበሬ፣ የጠረበው ሰው፣ በማግስቱ አመዱን እየረገጠ ውሃ የቀዳችው ሴት ግን የሉም። ጸሐፊው ወርቁን መዝኖ መንደሩን ዘለለው። አልቫሬዝም ከዚህ ወቀሳ ብዙ አያመልጥም።

ይሄ ጉድለት ዛሬ ዋጋ ያስከፍለናል። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ መጽሐፉ በስክሪንሾት ነው የሚዞረው። አንዱ ወገን የእሳቱን መስመር ቆርጦ ለቂም፣ ሌላው ያንኑ መስመር ቆርጦ ለኩራት ይለጥፈዋል። የሚገርመው፣ ሁለቱም የሚጥሉት ያንኑ ጥያቄ ነው፤ ኢማሙ ቆሞ የተደነቀበትን። ወሎ ውስጥ ግን የዚያ ዘመን ሰዎች ልጆች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ በአንድ ቅሬ ይቀባበራሉ። ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑን የሚተክለው ጎረቤት የትኛው ወገን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ስክሪንሾቱን የሚለጥፉት አብዛኞቹ ያን አምባ ወጥተውት አያውቁም።

እሳቱን እናለሳልሰው እያልኩ አይደለም። ተቃጥሏል፤ መጽሐፉ ራሱ አይክድም። የምለው፣ የሚጠቅሰው ሰው ከአንድ ገጽ በፊት ይጀምር ነው። ያወደመውን ነገር ውበት ሳይደብቅ የጻፈ የድል ጸሐፊ ብዙ አይገኝም፤ እኛም ሥራውን ግማሹን ቆርጠን ስናነብ፣ ወርቁን እንደላጡት ወታደሮች የሚያብለጨልጨውን ብቻ ይዘን መውጣታችን ነው።