ከታተመው ሥዕል ባሻገር፦ በሥዕል ቺት ላይ የመርፌ ፈጠራ

አንድ ሥዕል በማተሚያ ተባዝቶ፣ በገበያ ተሽጦ፣ በብዙ ቤት አንድ ዓይነት ሆኖ ከገባ በኋላ እንደገና የፈጠራ ሥራ ሊሆን ይችላልን? በሥነ ጥበብ ትችት ውስጥ ይህ ጥያቄ የሚነሣው በአብዛኛው ስለ ሠዓሊና ስለ ቅጂ ሲወሳ ነው። ይሁን እንጂ በንድፈ ሐሳብ ሳይሆን በተግባር ቀደም ብለው የመለሱት፣ ሥዕል የታተመበትን ጨርቅ በመርፌና በክር ወደ ኩዊልት የለወጡ፣ አብዛኛዎቹም ስማቸው ያልተመዘገበ ሴቶች ናቸው።

ኩዊልት በሦስት ድርብ የሚሠራ የመኝታ ልብስ ነው። ከላይ የሚታየው ፊቱ፣ ከሥር ገበሩ፣ በመካከል ደግሞ ሙቀት የሚሰጠው ባዘቶ ይሆናል፤ ሦስቱን አንድ አካል የሚያደርጋቸው ከዳር እስከ ዳር የሚጓዘው ስፌት ነው። በኢትዮጵያ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተቀጣጥሎ ሲሰፋ ድሪቶ ይባላል፤ ቃሉም የችግርን መልክ ይዞ ይመጣል። እዚህ የሚመረመረው ኩዊልት ግን የተጀመረው ከተረፈ ቁራጭ ሳይሆን በዋጋ ከተገዛ የሥዕል ቺት ነው። «ቺት» የሚለው የአማርኛ ቃልና እንግሊዞች ለዚሁ ዓይነት ጨርቅ የሚጠቀሙበት ስም ከአንድ የሕንድ ሥር የወጡ ናቸው። ሕንዶች በእጅ ቀለምና በእንጨት ማኅተም ያስጌጡት ጥጥ በየአህጉሩ ሲጓዝ ስሙንም ይዞ ተጉዟል።

ጨርቁ በአውሮፓ የተወደደውን ያህል የተፈራም ነበር። ፈረንሳይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1686 እስከ 1759 አገደችው። የእንግሊዝ ፓርላማም የሱፍና የሐር ሠራተኞችን ጥቅም ለማስጠበቅ በ1700 እና በ1721 ሕግ አወጣበት፤ ክልከላው የተነሣው በ1774 ነው። ውድ የሆነ ነገር ደግሞ በቁጠባ መጠቀምን ያስተምራል። በ18ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ፣ ከቺቱ ላይ አበባውን፣ ወፉንና ቅርንጫፉን በመቀስ እየለቀሙ በነጭ ጨርቅ ላይ በልጥፍ ስፌት የማሳረፍ ሙያ ተስፋፋ። ለአንድ ቀሚስ የማይበቃ ቺት በዚህ ዘዴ አንድ አልጋ ሙሉ ያለብሳል። ኋላ የተሰጠው ስም «የፋርስ ጥልፍ» ማለት ቢሆንም ሥራው ጥልፍም የፋርስም አይደለም። ከዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው ዋና ነገር ግን መቀሱ ነው። ሰፊዋ ሥዕሉን ስትቆርጥ አታሚው የወሰነውን ቅንብር አፍርሳ የራሷን ታቆማለች። አታሚው በአንድ ግንድ ላይ ያሰፈራቸውን ወፎች ትለያያለች፤ የተለያዩ አበቦችን በአንድ ዘንግ ታገናኛለች። የቅርጾቹ ባለቤት አታሚው ቢሆንም የአነጋገሩ ባለቤት እርሷ ናት።

ይህን ጉዳይ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው የጆን ሂውሰን ቺት ነው። ሂውሰን ከእንግሊዝ ተነሥቶ በ1773 ወደ ፊላዴልፊያ የተሻገረ የጨርቅ አታሚ ነበር። ከማተሚያ ቤቱ ከወጡት ሥራዎች ስመ ጥር የሆነው አበባ የሞላበት የአበባ ማስቀመጫ ሥዕል ሲሆን፣ በዙሪያው ወፎችና ቢራቢሮዎች ይበራሉ። ሐምሌ 4 ቀን 1788 በፊላዴልፊያ አዲሱን ሕገ መንግሥት ለማክበር በተደረገው ታላቅ ሰልፍ ላይ የሂውሰን ባለቤትና ሴቶች ልጆቹ በሠረገላ ተቀምጠው በቺት ላይ ቀለም በብሩሽ ሲሞሉ ለሕዝብ ታይተዋል። እንግዲህ «የሂውሰን ቺት» ተብሎ በሚጠራው ሥራ ውስጥ የሴቶች እጅ የገባው ጨርቁ ወደ ሰፊዎች ከመድረሱም በፊት ነው። በፊላዴልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኘውና ከእርሱ ጨርቆች የተሠራው ኩዊልትም የባለቤቱ የዚቢያ ስሞልዉድ ሂውሰን ሥራ እንደሆነ ይታመናል።

ይህን የአበባ ማስቀመጫ ማእከል አድርገው የተሠሩ ኩዊልቶች ሲነጻጸሩ የፈጠራው መጠን ግልጽ ይሆናል። አንዷ ሰፊ ሥዕሉን እንዳለ በመካከል አስቀምጣ በክፈፍ ላይ ክፈፍ ትጨምርለታለች። ሌላዋ ማስቀመጫውን ብቻ ቆርጣ በሰፊ ነጭ ሜዳ ላይ ታቆመውና ቢራቢሮዎቹን ወደ ማእዘን ትበትናቸዋለች። ያን ጊዜ ነጩ ጨርቅ ባዶ መሆኑ ይቀርና አየር ይሆናል። የሦስተኛዋ ጥበብ ደግሞ በስፌቱ ነው፤ መርፌዋ የቅጠሉን ዳር ተከትሎ ሲሄድ ባዘቶው ከሥር ያብጥና በማተሚያ ጠፍጣፋ የነበረው አበባ ቅርጸ ጥልቅነት ያገኛል። ቀለም ሳይጨመር፣ በጥላ ብቻ፣ ሥዕሉ ከጨርቁ ይነሣል። አታሚው ይህን ሊሰጥ አይችልም፤ የስፌት ብቻ ነውና።

ከዚህ አንጻር በእንግሊዝ ለኩዊልት ማእከል ተብለው የታተሙት የመታሰቢያ ሥዕሎች ከባድ ፈተና ናቸው። በ1810 ለንጉሥ ጆርጅ 3ኛ የ50 ዓመት ንግሥና፣ በ1813 ዌሊንግተን በቪቶሪያ ጦርነት ላገኘው ድል፣ በ1816 ለልዕልት ሻርሎት ጋብቻ እንዲህ ያሉ ጨርቆች ወጥተዋል። አበባው ዝግጁ ነው፤ ጽሑፉ ዝግጁ ነው፤ ስሜቱም ዝግጁ ነው። ደካማው ሥራ ለዚህ ማእከል አጥር ከመሆን አያልፍም፤ ዙሪያው ቢነሣ የሚጎድል ነገር የለም። ጠንካራው ሥራ ግን ከሥዕሉ አንድ ቀለም፣ ለምሳሌ የደበዘዘውን ቡናማ፣ አውጥቶ ከትንንሽ ሦስት ማእዘኖች በተሰፋ ክፈፍ ውስጥ ያስኬደዋል። የቤት ልብስ ቁራጭና የንጉሥ መታሰቢያ ጎን ለጎን ሲሰፉ የቤቱ ታሪክ ከአደባባዩ ታሪክ ጋር እኩል ቦታ ይጠይቃል። የክፈፉ ትርጉምም ይኸው ነው።

በ19ኛው ምዕት ዓመት አታሚዎች ሌላ እርምጃ ወሰዱ፤ ተሰፍቶ የተቀጣጠለ የሚመስል ጨርቅ አትመው ሸጡ። እጅ የማተሚያውን ሥዕል ሲቆርጥ ቆይቶ ማተሚያው የእጅን ስፌት መኮረጅ ጀመረ። የዛሬው የዲጂታል ኅትመት ይህንኑ አስፋፍቶታል። አሁን ለገበያ የሚቀርበው የሥዕል ጨርቅ ብዙ ጊዜ ከነክፈፉና ከነስፌት መመሪያው ይመጣል፤ ገዢዋ የምትወስነው ነገር እያነሰ ይሄዳል። በአንጻሩ አዳዲስ መፍትሔዎችም ታይተዋል። አንደኛው ተመሳሳይ ሰባት ጨርቆችን ይጠቀማል፦ ስድስቱ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብረው በሦስት ማእዘን ይቆረጡና ስድስት ስድስቱ እየተገጣጠሙ ባለ ስድስት ጎን አበባ ይሆናሉ፤ ሰባተኛው ሳይነካ በመካከል ይቀመጣል። ዘዴው ሲሳካ ሥዕሉ ከመካከሉ ወደ ዳር እየተበተነ ወደ ንጹሕ ቀለም ይለወጣል። ሳይሳካ ሲቀር ግን ዙሪያው የመቁረጥ ችሎታ ማሳያ ብቻ ይሆናል፤ ሥዕሉ ለምን እንደተበተነ ተመልካቹ አያውቅም። ዘዴ በራሱ ፈጠራ አይደለም፤ የሚያገለግለው ሐሳብ ሲኖር ነው ፈጠራ የሚሆነው።

ሙዚየሞችና ተቺዎችም ከዚህ ጉዳይ ነጻ አይደሉም። በ1971 በኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም የቀረበው የአሜሪካ ኩዊልቶች ትርኢት የቤት ስፌትን በሥዕል ማሳያ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ታላቅ አገልግሎት ሰጥቷል። ትኩረቱ ግን ረቂቅ ሥዕልን በሚመስለው የቅጥልጥል ስፌት ጂኦሜትሪ ላይ ነበር። በዚህ መለኪያ ብቻ ሲታይ የታተመ ሥዕል ያለበት ኩዊልት የተበደረ፣ ስለዚህም ያነሰ መስሎ ይታያል። መለኪያው ሚዛናዊ አይደለም። ገጣሚ ቃላትን አልፈጠረም፤ ግንበኛም ድንጋይን አልፈጠረም። የሰፊዋም ሥራ ሊመዘን የሚገባው በተረከበችው ነገር ሳይሆን በተረከበችው ነገር ላይ ባደረገችው ውሳኔ ነው።

ይህ ፍርድ ለእጅ ሥራ መምህራን ተግባራዊ ትርጉም አለው። ተማሪ የሥዕል ጨርቅ ሲሰጠው አስቀድሞ የሚጠየቀው እንዴት እንደሚሰፋው ሳይሆን ምኑን እንደሚያስቀር፣ ምኑን እንደሚቆርጥ፣ ምኑንስ በስፌት እንደሚያነሣው ሊሆን ይገባል። ሥራው ለትርኢት ሲቀርብም ከአታሚው ስም ጎን የሰፊው ስም ይጻፍ። የሂውሰን ስም እስከ ዛሬ ሲጠራ፣ የአበባ ማስቀመጫውን ከጨርቁ አውጥተው በነጭ ሜዳ ላይ ያቆሙት የብዙዎቹ ስም ጠፍቷል። የቀረው ስፌታቸው ነው፤ እርሱም በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል።