«ጥቁር መዝገብ» ወይስ «ማገጃ መዝገብ»?

አይፈለጌ መልእክትን ለመከላከል የኢሜይል ሰርቨሮች አድራሻ የሚሰፍርበትን ዝርዝር ተርጓሚዎቻችን «ጥቁር መዝገብ» ይሉታል። ከእንግሊዝኛ በቀጥታ የተወሰደው ይህ ስያሜ ሁለት ጉድለቶች አሉበት።

አንደኛ፣ የተመዘገበውን ሁሉ ጥፋተኛ ያደርጋል። መቀመጫው ኒውዚላንድ የነበረውና እ.ኤ.አ. በ2001 የተዘጋው ኦርብስ ባለቤቶቹን ሳያስፈቅድ ወደ ሰርቨሮች የመፈተሻ መልእክት ይልክ ነበር። የማያውቀውን ላኪ መልእክት ያስተላለፈ ሰርቨር ለአይፈለጌ መልእክት መተላለፊያ ይሆናል ተብሎ ይመዘገባል፤ ፍተሻውን የከለከሉም የተመዘገቡበት ጊዜ ነበር። ክርክሩ የተነሣው ከዚህ ነው፤ ለመዝጋቢው ፍተሻ የሆነው ለባለንብረቶቹ ድፍረት ነበር። ጉድለት የተገኘበትንና አልፈተሽም ያለውን በአንድ «ጥቁር» ስም መጥራት ፍርድን ከማስረጃ ማስቀደም ነው። በአማርኛችንም «ጥቁር እንግዳ» የማይታወቅ መጤ እንጂ በደለኛ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ስያሜው ተግባሩን አይገልጽም። መዝገቡ በራሱ መልእክት አያግድም፤ የሚያግደው መዝገቡን ጠይቆ የሚወስነው ተቀባይ ሰርቨር ነው። ስለዚህ «ማገጃ መዝገብ» ማለት ይሻላል። «ማገጃ» የመሣሪያ ስም በመሆኑ አጋጁን ከመሣሪያው ይለያል፤ የታገደውንም አስቀድሞ አይኰንንም።