በጣና ዳር ስለሚወርድ እስክስታ

ጭፈራን ሁሉ በአንድ ቃል ማመስገንም ሆነ በአንድ ቃል መንቀፍ የአስተዋይ ሰው ፍርድ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ በገላጣ ሜዳ የተደረጉ ሁለት ጭፈራዎችን ይተርካል፤ አንደኛው በሲና ተራራ ሥር በወርቁ ጥጃ ፊት የተደረገው ነው፤ ሁለተኛውም ታቦተ ጽዮን ወደ ዳዊት ከተማ ስትገባ ንጉሡ ራሱ በፊቷ የዘለለው ነው። ሁለቱም በአደባባይ ተደረጉ፤ ነገር ግን አንዱ ለቍጣ፣ ሁለተኛው ለበረከት ሆነ። የሳኦል ልጅ ሜልኮል በማን ፊት እንደ ተዘለለ ሳትመረምር በመስኮት ሆና ንጉሡን አቃለለችው። ስለዚህ ስለ ጭፈራ የሚፈርድ ሰው ከመስኮቱ ወርዶ በሜዳው ቆሞ ቢያይ ይሻለዋል።

በባሕር ዳር ጥር 10 ቀን፣ በከተራ ዕለት፣ ታቦታቱ ከየመንበራቸው ተነሥተው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ይወርዳሉ። አባቶች ግዮን የሚሉት ዐባይ ከጣና የሚወጣው በዚሁ ከተማ አጠገብ ነውና ለዮርዳኖስ ምሳሌ የሚሆን ውኃ በዚያ አገር አይታጣም። ካህናቱ በጸናጽልና በመቋሚያ ያሸበሽባሉ፤ ከእነርሱም ራቅ ብለው ጐልማሶችና ልጃገረዶች ክብ ሠርተው በከበሮና በጭብጨባ እስክስታ ይወርዳሉ። የኢትዮጵያን የጥምቀት በዓል ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ መዝገቡ ግን የሚጠብቀው ስሙን ነው፤ መልኩን የሚጠብቀው የሚያሸበሽበውና የሚጨፍረው ሕዝብ ነው።

ሽብሸባው ሥርዓት ያለው፣ እስክስታው ግን ሥርዓት የሌለው ነው ብለው የሚለዩ አሉ። በእርግጥ አቋቋም ከቅዱስ ያሬድ ዜማ ጋራ የተያያዘ ጥልቅ ትምህርት ነው፤ ዝማሜው፣ መረግዱ፣ ጽፋቱ፣ ወረቡ እያንዳንዱ የተወሰነ ስለሆነ ተማሪው ብዙ ዓመት ደክሞ ከመምህሩ ይቀበለዋል እንጂ ከልቡ አንቅቶ አይጨምርበትም። ይሁን እንጂ ከዚሁ ትምህርት አንዱ ክፍል የተገኘው በጣና ውኃ ላይ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ሕዝቡ በቀልዳቸው ብቻ የሚያስታውሳቸው አለቃ ገብረ ሐና ታላቅ የአቋቋም ሊቅ ነበሩ። በትውፊት እንደሚነገረው በጣና ደሴት ገዳም በተቀመጡበት ወራት የባሕሩ ማዕበል ወዲያና ወዲህ ሲል፣ ሸንበቆውም በነፋስ ዘመም ቀና ሲል ተመልክተው አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ። የጐንደር ሊቃውንት አዲስ ነገር ነው ብለው ሳይቀበሉት ቢቀሩ ልጃቸው ተክሌ በደብረ ታቦር አስተማረው፤ ዛሬም ተክሌ አቋቋም ተብሎ የሚጠራው ይኸው ነው። እንግዲህ በአንድ ዘመን ከሜዳና ከውኃ የተቀዳው ንቅናቄ በሌላ ዘመን የቤተ መቅደስ ሥርዓት ሆኗል። አዲስነት ብቻውን ነቀፌታ እንዳልሆነ ይህ በቂ ምስክር ነው።

ቅኔም ቢሆን እንዲሁ ነው። የቅኔ ተማሪ ለቈጠራ ከጉባኤው ተለይቶ ወደ ዱር ወይም ወደ ዛፍ ጥላ ይሄዳል፤ ባለቅኔም የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ቢደግም ያፍራል። ነገር ግን ጉባኤ ቃናው በሁለት፣ ሥላሴው በስድስት፣ መወድሱ በስምንት ቤት ተወስኖ ይኖራል። ምሥጢሩ አዲስ ነው፤ ቤቱ ግን ጥንታዊ ነው። የእስክስታም ቤቱ የከበሮው ምትና የጭብጨባው ልክ ነው፤ በዚያ ቤት ውስጥ ትከሻው፣ አንገቱ፣ ደረቱ ያልተጻፈውን በዚያው ሰዓት ያገኛል።

ስለዚህ መልካሙን ከክፉው መለየት አይቸግርም። መልካሙ ጨፋሪ አስቀድሞ ይሰማል፤ ትከሻውን በጥቂቱ ይጀምራል፤ አውጪው ግጥሙን ሲለውጥ እርሱም ይለውጣል፤ በፊቱ ለቆመውም እንደ ጥያቄና መልስ ቦታ ይለቃል። ክፉው ግን ያለውን ሁሉ በመጀመሪያው ምት አፍስሶ ከዚያ በኋላ ራሱን ይደጋግማል። በባሕር ዳርቻ ደግሞ ድምፅን የሚመልስ ግድግዳ ስለሌለ ዜማው በውኃው ላይ ይበተናል፤ ግድግዳ የሚሆነው በክቡ የቆመው ሰው ጭብጨባ ነው። ተመልካቹ እጁን ከሰበሰበ ቤቱ ፈረሰ ማለት ነው።

በዚህ ዘመን ለዚህ ጥበብ የሚያሠጋው የወጣቱ መዝለል ሳይሆን የድምፅ ማጉያው ነው። ከበሮ መቺ ጨፋሪውን እያየ ይመታል፤ ሲደክም ያቀዘቅዝለታል፤ ሲበረታ ያፈጥንለታል። የተቀረጸ ዘፈን ግን የማንንም ትከሻ አይጠብቅም፤ የካህናቱንም ወረብ ሳይቀር ይውጠዋል። እጅም ስልክ ይዞ ምስል ማንሣት ሲጀምር ማጨብጨቡን ይተዋል። ስለዚህ ካህናትና የከተማው ሹማምንት ሊከለክሉ ቢወዱ ማጉያውን ከታቦቱ መንገድ ያርቁ፤ ከበሮውንና ክቡን ግን ለወጣቱ ይተዉለት።

አማርኛ ለታቦቱም ለእስክስታውም አንድ ግሥ ሰጥቷቸዋል፤ ታቦት ወደ ውኃው ወረደ ይላል፤ ጐልማሳውም እስክስታ ወረደ ይላል። ሰሙ የትከሻ ንቅናቄ ነው፤ ወርቁ ግን ትሕትና ነው። ጌታ ወደ ዮርዳኖስ በወረደበት በዓል ታቦቱን ተከትሎ የሚወርድ ሰው ይህን ወርቅ ካገኘ ጭፈራው ከዳዊት ወገን ይቈጠርለታል።